«ሲፍር»፦ ባዶ ማለት የነበረው ቃል እንዴት ሚስጥር ሆነ?

አክስቴ ሪያድ 11 ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ በስልኳ ገንዘብ መላክና መቀበል እንድትችል ብለን ሰፈራችን ያለ አንድ ሱቅ ሄድን። ልጁ መዘገባትና «አሁን የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ» አላት። መነጽሯን አልያዘችም ነበር። ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው እንዳይገባው በዓረብኛ ትነግረኝ ጀመር። «ሲፍር፣ ሰብዓ፣ ሲፍር…»

ከኋላችን ተራ የምትጠብቅ ልጅ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «እትዬ፣ እኔም እኮ ጅዳ ነበርኩ። ሌላ ቁጥር ያድርጉ።»

አክስቴ ደነገጠች። አመስግናት ቁጥሩን አስተወችኝ። እኔ ግን ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያቺ የመጀመሪያዋ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ሲፍር። አክስቴ ሚስጥሯን ለመደበቅ የጀመረችበት ቃል ራሱ፣ ሚስጥርና ቁጥር እንዴት እንደተጋቡ የሚናገር ረጅም ታሪክ አለው።

ሲፍር በዓረብኛ ዜሮ ማለት ነው። ዓረብ አገር የኖረ ሰው ስልክ ሲነገረው «ሲፍር ኸምሳ…» ሲባል ሰምቷል፤ የሳዑዲ የሞባይል ቁጥር በ05 ነዋ የሚጀምረው። ይኸው ቃል አውሮፓ ገብቶ «ዜሮ» ሆነ። በሌላ መንገድ ሄዶ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ሳይፈር» ተባለ፤ ዛሬ ሳይፈር ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ሚስጥራዊ ጽሕፈትን ነው። የኮምፒውተር ሰዎች መረጃ መቆለፍን የሚጠሩበት ስም የመጣው ከባዶነት ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ቶሎ የሚታይ ነው። የዓረብኛን ቁጥሮች ከግዕዙ ጋር አስተያዩአቸው። አርበዓ ከአርባዕቱ፣ ኸምሳ ከኀምስቱ፣ ሰብዓ ከሰብዐቱ፣ ቲስዓ ከተስዐቱ። እህትማማቾች መሆናቸው ያስታውቃል። አብዛኞቹ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የወረስናቸው የጋራ ቃላት ናቸው። ሲፍር ጋ ስንደርስ ግን ዘመድ የለውም። አያቶቻችን ሲቆጥሩ ከአንድ ነው የጀመሩት። ዜሮ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው።

እዚህ ላይ «ስፍር ቁጥር የሌለው» የሚለው አባባላችንስ የሚል አይጠፋም። ድምፁ ይመሳሰላል እንጂ ዘሩ ሌላ ነው። የእኛ ስፍር «ሰፈረ»፣ ማለትም እህል ለካ ከሚለው ነው የመጣው። የቋንቋ ሊቃውንት የሚያዛምዱት ከዕብራይስጡ «ሚስፓር»፣ ከቁጥር ጋር ነው። የዓረቡ ሲፍር ግን ባዶ ማለት ነው። ዓረቦች እንደ እኛው «ባዶ እጁን» የሚል አባባል አላቸው፤ በዚያ ውስጥ ባዶ የሚለው ቃል ሲፍር ነው።

ቃሉ የዓረብ ይሁን እንጂ ሐሳቡ የሕንድ ነው። ብራህማጉፕታ የተባለው ሕንዳዊ ሊቅ በ628 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች ነው የምጠቅሰው) ዜሮ ሲደመር፣ ሲቀነስና ሲባዛ ምን እንደሚሆን ሕግ አወጣለት። ሕንዶች «ሹንያ» ይሉታል፤ ባዶ ማለት ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ አል-ኽዋሪዝሚ ስለ ሕንድ አቆጣጠር ሲጽፍ ነገሩ ወደ ዓረብኛው ዓለም በሰፊው ገባ። ሹንያ በትርጉም ሲፍር ተባለ። «አልጎሪዝም» የሚለው ቃልም ከዚሁ ሰውዬ ስም ነው የመጣው።

ከዚያ ጣሊያናዊው የሒሳብ ሰው፣ የፒዛው ሊዮናርዶ መጣ። ፊቦናቺ በሚለው ስም ነው ይበልጥ የምናውቀው። አባቱ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ባለችው በቢጃያ ወደብ በንግድና በቀረጥ ሥራ ላይ ነበር። ልጁም እዚያ ነው የሕንዶቹን አኃዞች የተማረው። በ1202 በጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ዘጠኙን አኃዞች ይዘረዝራል። ቀጥሎ ዓረቦች «ዜፊሩም» የሚሉትን የ0 ምልክት ሲጨምርባቸው ማንኛውንም ቁጥር መጻፍ እንደሚቻል ያስረዳል። ዜፊሩም በጣሊያን አፍ እየተሸራረፈ «ዜቬሮ»፣ ከዚያ «ዜሮ» ሆነ። በሌሎች ላቲን ጸሐፊዎች እጅ ደግሞ «ቺፍራ» የሚባለው ቅርጽ ወጣ፤ የእንግሊዝኛው ሳይፈር የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት መንታ ልጆች።

አውሮፓ ግን እንግዳውን እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። በ1299 የፍሎረንስ የገንዘብ መንዛሪዎች ማኅበር አባላቱ ሒሳብ መዝገብ ላይ በአዲሶቹ አኃዞች እንዳይጽፉ ከለከለ። የታሪክ ጸሐፊዎች ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ማጭበርበር ነው። 0ን በአንድ ጭረት 6 ወይም 9 ማድረግ ይቻላል። መጨረሻ ላይ አንድ ክብ ብትቀጠል ገንዘቡ አሥር እጥፍ ይሆናል። ይህ ስጋት ዛሬም አልጠፋም። ባንክ ሄዳችሁ ቼክ ስትጽፉ ገንዘቡን «በአኃዝ» ከጻፋችሁ በኋላ ለምን እንደገና «በፊደል» እንደምትጽፉ አስቡት።

የግዕዝ አኃዝ ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ ዜሮ የለውማ። 2006ን ስንጽፍ ፳፻፮ ነው። በመሃል ያሉት ሁለቱ ዜሮዎች የሉም፣ አያስፈልጉምም፤ አሥሩም ሃያውም መቶውም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ምልክት የለንም ማለት ግን ሐሳቡ አልነበረንም ማለት አይደለም። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትን ቀን ማውጫ ቀመር፣ የተማረ ሰው ይህን ያውቃል። 2006 ዓመተ ምሕረትን ውሰዱ። 5500 ሲደመር 7506 ነው። ለ19 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ከዚያ ላይ አንድ ሲነሳ የሚቀረው ቁጥር «ወንበር» ይባላል፤ እዚህ ግን ለወንበር የሚቀር ነገር የለም። ሊቃውንቱ ይህን «አልቦ» ይሉታል፤ የለም፣ የለውም ማለት ነው። ዛሬ የቋንቋና የሒሳብ ሰዎቻችን ለዜሮ «አልቦ» የሚለውን ሲጠቀሙ እኔ ደስ ይለኛል። ከሩቅ የመጣ አይደለም፣ የቤታችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ባዶ ማለት የነበረው ቃል እንዴት ሚስጥር ሊሆን ቻለ?

ዓረቦቹ ራሳቸው ሚስጥራዊ ጽሑፍን ሲፍር ብለው አልጠሩትም። «ሙዓማ» ነበር የሚሉት፤ እውርነትን ከሚገልጽ ሥር የመጣ ቃል ነው። የታወረ ጽሑፍ እንደማለት። ስለዚህ ሚስጥርነት በቃሉ ላይ የተደረበው አውሮፓ ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቺፍራ ዜሮን ብቻ ይገልጽ ነበር። ቀጥሎ ማንኛውንም የአዲሱን አቆጣጠር አኃዝ መጥሪያ ሆነ። የፈረንሳዩ «ሺፍር»ና የጀርመኑ «ጺፈር» ዛሬም አኃዝ ማለት ናቸው። ከዚያ የጣሊያን ከተሞች አምባሳደሮቻቸው የሚልኩትን ደብዳቤ በአኃዝና በተፈጠሩ ምልክቶች መጻፍ ሲያበዙ፣ ያ አጻጻፍም ቺፍራ ተባለ። ቬኒስ በ1506 ጆቫኒ ሶሮን የቺፍራ ጸሐፊ አድርጋ ሾመች። ሥራው የሌሎችን ሚስጥራዊ ደብዳቤ መፍታት ነበር።

እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ያኔ አኃዝ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ሰው ነበር። ለማያውቀው ተራ ሰው፣ የነጋዴው የሒሳብ ደብተርም የአምባሳደሩ የተቆለፈ ደብዳቤም እኩል ናቸው፤ ሁለቱም አይነበቡም። ሰው ማንበብ ያቃተውን ነገር ሚስጥር ይለዋል። አኃዙን ሁሉም ሲለምደው ግን ሚስጥርነቱ ተነነ፤ ዛሬ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ያነበዋል። አክስቴን የገጠማትም ይኸው ነው። ሲፍር ሚስጥር የሚሆነው ሱቁ ውስጥ ዓረብኛ የሚያውቅ እስኪመጣ ድረስ ነው።

ይህን ከማንም ቀድሞ በጥልቀት የተረዳው አል-ኪንዲ ይመስለኛል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የኖረ ፈላስፋ ነው። የታወሩ ጽሑፎችን እንዴት መግለጥ እንደሚቻል የጻፈው ድርሳን ኢስታንቡል ውስጥ ተገኝቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታትሟል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ቁጠር። በየትኛውም ቋንቋ ውስጥ አንዳንድ ፊደላት ደጋግመው ይመጣሉ፣ አንዳንዶቹ ብርቅ ናቸው። ምልክቱን ብትቀይረውም ድግግሞሹ አይቀየርም።

በእጃችን እንሞክረው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ውሰዱ። 13 ፊደላት አሉት፤ የተለያዩት ግን 10 ብቻ ናቸው። እንግዲህ በመጡበት ቅደም ተከተል ከ1 እስከ 9 እንስጣቸውና ለመጨረሻው ለ«ስ» 0 እናድርግለት። እንዲህ ይሆናል፦

12 3452 6789 402

ላየው ሰው ስልክ ቁጥር ይመስላል። አሁን ግን እንቁጠር። 2 ሦስት ጊዜ መጥቷል። ሦስቱም ጊዜ የቃል መጨረሻ ላይ ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው የቃል መጨረሻ ላይ ሊደጋገሙ የሚችሉትን ፊደላት መገመት ይጀምራል፦ ን፣ ት፣ ም፣ ር… አንዷ ከገባችለት ሌሎቹ ይከተላሉ። እርግጥ ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ ድግግሞሹ ከላቲኑ ይልቅ ይበታተናል፣ ፈቺውም ረዘም ያለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ይዘገያል እንጂ አያቆምም።

ፊደልን በፊደል መለወጥ በራሱ በጣም የቆየ ነገር ነው። ትንቢተ ኤርምያስ ውስጥ «ሼሻክ» የሚባል አገር ይጠቀሳል። በካርታ ላይ አይገኝም። ከዕብራይስጥ ፊደል የመጀመሪያውን በመጨረሻው፣ ሁለተኛውን ከመጨረሻው በፊት ባለው እየለወጣችሁ ስትሄዱ ግን ሼሻክ ባቤል ሆኖ ይወጣል፤ ባቢሎን።

አል-ኪንዲ ቆጠራውን ካመጣ በኋላ ሚስጥር ጸሐፊዎች መላ መፈለግ ነበረባቸው። ካገኟቸው መላዎች አንዱ እንደገና ወደ ባዶነት ይመልሰናል። በደብዳቤው መሃል ምንም ትርጉም የሌላቸው ምልክቶችን መሰግሰግ ጀመሩ። ጻፊና ተቀባይ ይዘሏቸዋል፤ የሚሰልለው ሰው ግን ይቆጥራቸዋል፣ ሒሳቡም ይበላሽበታል። ባዶ ምልክቶች ናቸው። ሲፍር በመጀመሪያ ትርጉሙ ተመልሶ ሲፍር በሁለተኛ ትርጉሙ ውስጥ ተደበቀ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ እንዲህ ያሉ ባዶ ምልክቶች ያሉት ቺፍራ ትጠቀም ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ታስራ ሳለ በ1586 ደጋፊዋ ከነበረው ከአንቶኒ ባቢንግተን ጋር የተጻጻፈችውን፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ሰዎች ጠልፈው አነበቡት። ቶማስ ፈሊፕስ የሚባል ሰው ነው የፈታው። ንግሥት ኤልሳቤጥን ለመግደል በተጠነሰሰው ሴራ ውስጥ እንዳለችበት ደብዳቤዋ ሆነ ማስረጃው። በየካቲት 1587 አንገቷ ተቀላ። ሜሪ ጽሑፏን አምናው ነበር። ያመነችው ቁልፍ ተበርግዶ እንደነበር አላወቀችም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2023 ሦስት ተመራማሪዎች በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡ 57 ደብዳቤዎችን ፈትተው አሳተሙ። በቤተ መጻሕፍቱ ዝርዝር ላይ የጣሊያን ጉዳይ ተብለው ነበር የተመዘገቡት። እነሱም እንደ ጣሊያንኛ ሊፈቷቸው ሞከሩ፣ እምቢ አለ። ፈረንሳይኛ ብለው ሲሞክሩ የሴት አነጋገር መጣ፤ እስር ላይ ያለች፣ ልጅ ያላት ሴት። ሜሪ ናት። ከ1578 እስከ 1584 አብዛኛውን ለንደን ለነበረው የፈረንሳይ አምባሳደር የጻፈችው ነው። ከተጻፉ ከ400 ዓመት በላይ ሆኗቸው፣ ማንም ሊያያቸው በሚችልበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ታዲያ ሰው የማያውቀው ነገር ካልጠበቀን ምን ይጠብቀናል? ለዚህ የተሻለውን መልስ የሰጠው የምስጠራ ሊቁ ኦጉስት ከርክሆፍስ ነው፤ በ1883። የዘዴው አሠራር በሙሉ በጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ሚስጥሩ መጠበቅ አለበት አለ። ሚስጥር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው። የበራችሁን ቁልፍ የሠራው ፋብሪካ አሠራሩን ያውቀዋል፣ ጎረቤትም ተመሳሳዩን ገዝቷል። እናንተን የሚጠብቃችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ነው።

ዛሬ ስልካችን ላይ ያለው ምስጠራ በሙሉ በዚህ ሐሳብ ላይ ነው የቆመው። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ወደፊት ብዙውን የዛሬ ምስጠራ ይሰብራል ተብሎ የሚፈራው የኳንተም ኮምፒውተር ቢመጣ እንኳ የሚቋቋሙ አዳዲስ ዘዴዎችን በነሐሴ 2024 አጽድቆ ለሕዝብ አውጥቷል። ማንም ሊያነባቸው ይችላል። ከመጽደቃቸው በፊትም ለዓመታት የዓለም ሊቃውንት በግልጽ እንዲሰብሯቸው ተጋብዘው ነበር። ሳይክ የሚባለው አንዱ ዕጩ በ2022 በአንድ ተራ ኮምፒውተር በአንድ ሰዓት ገደማ ተሰብሮ ወደቀ። በእኔ ግምት ይህ ትልቅ ድል ነው። የወደቀው በእኛ ገንዘብና ደብዳቤ ላይ ከመሥራቱ በፊት ነው።

እኛ ጋ ግን አሁንም የድሮው እምነት አለ። «ቴሌግራም ሚስጥር ነው፣ ማንም አያየውም» የሚል ሰው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እውነቱ ይህ ነው። ዋትሳፕ ላይ ከ2016 ጀምሮ ተራው መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጠራል፤ ቁልፉ ያለው በላኪና በተቀባይ ስልክ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ ተራው ጭውውት እንደዚያ አይደለም። በመንገድ ላይ ይቆለፋል፣ ድርጅቱ ግን ቁልፉን ይይዛል። ከመልእክቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው ለብቻው የምትከፍቱት «ሚስጥራዊ ጭውውት» ብቻ ነው። ግሩፕና ቻናል ውስጥ ይህ የለም። ፓስፖርታችሁን ፎቶ አንስታችሁ በግሩፕ ከመላካችሁ በፊት ይህን እወቁልኝ። ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ነው በየአገሩ መንግሥትንና ድርጅትን የሚያፋጥጠው። አፕል በየካቲት 2025 ከፍተኛውን የመረጃ ምስጠራ ከእንግሊዝ ተጠቃሚዎቹ ያነሳው በዚሁ ሰበብ ነበር።

አሁን ወደ አክስቴ ቁጥር ልመለስ። «የሚስጥር ቁጥር» ስንል አማርኛችን ሳያውቀው የሲፍርን ሁለት ትርጉሞች አንድ ላይ አስሯል። እዚህም ዜሮ ሥራ አለው። ባለ 4 አኃዝ የሚስጥር ቁጥር 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። ዜሮን ብናወጣ 6,561 ብቻ ይቀራል። ባለ 6 ሲሆን ደግሞ ከ1,000,000 ወደ 531,441 ይወርዳል። በባለ 6ቱ ላይ ያ ባዶ ክብ ግማሽ ያህሉን ጥበቃ ተሸክሟል። በሒሳብ ከ7 በፊት ያለ ዜሮ ምንም አይጨምርም። በሚስጥር ቁጥር ግን 07 እና 7 ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን ደውሎ «ከባንክ ነው፣ አሁን የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ለሚል ሰው ከተነገረ ከንቱ ነው። እሱ የአል-ኪንዲን ቆጠራ አያስፈልገውም። ቁልፉን ከባለቤቱ አፍ ይቀበላል። በየሰፈሩ እናቶቻችን እየተበሉ ያሉት በዚህ ነው፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ዘዴው የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ቁልፍ ምን እንደሆነ በገዛ ቋንቋቸው ያስረዳቸው ሰው የለም።

ለአክስቴ ይህን በዚያው ምሽት ቡና እየጠጣን ነገርኳት። ስለ ንግሥቲቱም፣ ስለ አንበሳውም ተረት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ተነስታ መነጽሯን ፈልጋ አመጣች። ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባችና በሩን መለስ አደረገችው።

«ጨርሻለሁ» አለች ስትወጣ።

ቁጥሩን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።